ሚጣ ብቻዋን የመጣች ዕለት

"ኧረ አንተ ሰውዬ! ግድግዳዬን ወንፊት ልታደርገው ነው እንዴ?"

ንፋሱ ደንግጦ መሰርሰሪያውን ነቀለ። ከመሰላሉ ጫፍ ወደ ታች ሲያይ፣ የቤቱ እመቤት ወገቧን ይዛ፣ አንገቷን አንጋጣ ታፈጥበታለች። እውነቷን ነው። ለአንድ ካሜራ የሚበቃውን ቀዳዳ በስቶ ከጨረሰ ቆይቷል፤ እጁ ግን አላረፈም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ መች ሆነና! በቀኝ እጁ መሰርሰሪያ፣ በግራው ስልክ ይዞ፣ ልቡን ስልኩ ላይ ጥሎ ነው የሚሠራው።

"ይቅርታ እመቤቴ፣ በጀሶ እደፍነዋለሁ።"

"ከነጭራሹ ባትበሳውስ? ደግሞ መሰላል ላይ ሆኖ ስልክ! ወድቀህ ብትሰበር መዘዙ ለኔ ሊተርፍ?"

"ኧረ አልወድቅም። እኔ በልጅነቴ ከውሃ ታንከር ላይ ስዘል ያደግኩ ሰው ነኝ።"

"እንግዲህ አሁን ልጅ አይደለህ!" ብላው ገባች።

ንፋሱ ያሉትም ያኔ በልጅነቱ ነው። አንድ ቦታ መቆም አይሆንለትም ነበርና ሰፈሩ ስም አወጣለት፤ ስሙም ጸጉሩ እየሸበተ አብሮት ቀረ። ሥራው ደግሞ፣ የሰው ነገር አያልቅም፣ የጥበቃ ካሜራ መግጠም ነው። "የዛሬ ልጅ አሳዘነኝ፤ እንደ ባንክ ይጠበቃል!" ሲል ይውልና፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው ያንኑ ጥበቃ እየሸጠ ነው። ይህን የሚያነሳበት ሰው ሲመጣ፣ "ታዲያ ምን ላድርግ? ለነፃነት የሚከፍል ደንበኛ አጣሁ" ብሎ ይስቃል።

ዛሬ ግን ስልኩ ላይ የሚያየው የደንበኛ ንብረት አይደለም፤ የገዛ ልጁን ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላት አንዲት ልጁ ሚጣ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትምህርት ቤት እስከ እሱ ሱቅ በእግሯ፣ ብቻዋን እየመጣች ነው። እናቷ ደግሞ አታውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት፣ ራት ላይ ነበር። ንፋሱ እንደ ልማዱ የጎማውን ታሪክ ያወራል። ያኔ እንደ ሚጣ ሳለ የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ ተጠቅልሎ ከኮረብታው አናት ቁልቁል እንዴት እንደተንከባለለ፣ ሰማይና ምድር እንዴት እንደተደበላለቀበት፣ ታች ሲደርስ ጎማው የአሸዋ ክምር ላይ እንዴት ቀስ ብሎ እንደቆመ።

"ማን ይጠብቀን ነበር? ማንም! ጠዋት ወጥተን ሲጨልም ነው የምንገባው። ድንጋይ የተፈለጠበት ጉድጓድ ውሃ ሲያቁር እንዋኝበታለን፤ የጭነት መኪና ኋላ ላይ እንንጠለጠላለን። እናታችን የት እንደዋልን እንኳ አታውቅም።"

ሚጣ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እኔስ አባቢ? እኔ መቼ ነው ብቻዬን የምሄደው?"

"አንቺማ ስታገቢ" ብላ እናቷ ቀደመች።

"ኧረ እናቷ፣ ምን አለበት..."

"ምን አለበት? አንተ የምታወራው ተንከባልለው የተረፉትን ነው። እኔ ያልተረፉትን ነው የማየው።" እሷ ነርስ ናት፤ ሆስፒታል አጥንት ክፍል፣ የተሰበረ እጅና እግር በጀሶ ስትጠቀልል ነው የምትውለው። "እናት ሁሉ እኔ ጋ ሲመጣ የሚለው አንድ ነው፤ 'ትንሽ ዞር ብዬ ነው' ነው የሚለው። ስማ፣ አንተን ልጅነትህ ናፈቀህ ብዬ ልጄን መሞከሪያ አላደርጋትም።"

ንፋሱ አፉን ዘጋ፤ ልቡን ግን አልዘጋም። ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። የልጁ ጉልበት ላይ አንድ ጠባሳ የለም። ሌላው አባት ለዚህ ያመሰግን ይሆናል፤ እሱን ግን አብከነከነው። ልጅቷ ደረጃ ስትወርድ እንኳ "ልውረድ?" ብላ ጠይቃ የምትወርድ ሆናለች። እኔ ስሞት ማንን ጠይቃ ልትወርድ ነው? እያለ አሰበና፣ በነጋታው ሚስቱን ደብቆ ዱለታውን ጀመረ። የትምህርት ቤት ሰርቪሱን ሹፌር በዚህ ቀን እንዳትመጣ አለው። ታላቅ እህቱን እትዬን፣ ሱቁን ከፍታ እንድትጠብቅ አደራ አላት። ለሚጣ ደግሞ ሲነግራት ልጅቷ መጀመሪያ ፈራች፣ ከዚያ ዓይኗ በራ፣ ከዚያ ጠበቃ ሆነችበት።

"አትከተለኝም?"

"አልከተልሽም።"

"ሰው አትልክብኝም?"

"አልልክብሽም።"

"በካሜራም አታየኝም?"

እዚህ ላይ ትንሽ ተንተባተበ። "በካ... በካሜራም።"

"ሙች በለኛ!"

"ሙች!"

እንግዲህ መሐላው ይኸው መሰላል ላይ ፈረሰ። ንፋሱ አንድ የሥራ ልማድ አለው፤ ካሜራ ገጥሞ ሲጨርስ ምስሉን የራሱ ስልክ ላይም ያስገባዋል። ደንበኛው ነገ "ተበላሸብኝ" ብሎ ሲደውል፣ ሳይመላለስ ከሩቅ ሆኖ እንዲያይለት ነው። ደንበኞቹም ያውቃሉ። ታዲያ ከትምህርት ቤቱ እስከ ሱቁ ያለው መንገድ እንዳለ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው የደብተር መሸጫ፣ ፋርማሲው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ከሰፊው አስፋልት ማዶ ጎሚስታው፣ ከዚያም የራሱ ሱቅ። "ከበር መውጣቷን ብቻ አይና እዘጋዋለሁ" ነበር ለራሱ ያለው።

ከበር ወጣች። አልዘጋውም።

የደብተር መሸጫው ካሜራ ላይ ብቅ ስትል፣ ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል። የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ወታደር መስላ ነው የምትራመደው። ንፋሱ መሰላሉ ላይ ብቻውን ሳቀ። ፋርማሲው ጋ ስትደርስ ቆመች። መስታወቱን ትክ ብላ አየች። "መልኳን እያየች ነው፤ አይ ሴት!" አለና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ቀጠለች፤ አሁን ግን ቀስ ብላ፣ ድንጋይ እየጠለዘች። ይኸው! ዛሬ ማንም ኑሪ ሳይላት እየኖረች ነው አለ። ዳቦ ቤቱ ጋ የተሰለፈውን ሰው ዞራ አለፈች።

ከዚያ ሴትየዋን አያት።

ነጠላ ሻርፕ ፊቷ ላይ ጥላ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክካ ትመጣለች። ሚጣ ስትቆም ትቆማለች። ሚጣ ስትሄድ ትሄዳለች። የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ውስጥ ገብታ ተሸሸገችና፣ ልጅቷ ራቅ ስትል ወጥታ ተከተለቻት።

ንፋሱ ክው አለ። ምስሉን ሊያቀርበው ሲሞክር ጣቱ እምቢ አለው፤ ስልኩ አምልጦት ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። መልሶ ሲያይ ሴትየዋ የለችም። ሚጣም የለችም። ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው አስፋልቱ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ካሜራ አልገጠመም። የጎሚስታውን ካሜራ ከፈተ። ጎማ፣ ጎማ፣ ቱታ የለበሰ ጎረምሳ፣ ሌላ ጎማ። ልጅ የለም። እትዬ ወጥታ ትያት ብሎ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የእትዬ የልብስ ስፌት መኪና አለ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። በሩ ተዘግቷል።

"እትዬ ደግሞ የት አባቷ ሄደች!" ብሎ ጮኸ። ወደ ጎሚስታው ተመለሰ። ጠበቀ። አንድ ልጅ ያን አስፋልት ለመሻገር ይህን ያህል አይፈጅባትም። አሁንም የለችም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሱ ግን መች ፈርቶ ያውቃልና! የምትፈራው ሚስቱ ናት፤ የሚያፌዝባት እሱ ነው። አሁን በአንድ ጊዜ ቆሌው ተገፈፈ። ሚስቱ ራት ላይ ያለችው ሁሉ አንድ በአንድ ጆሮው ላይ ጮኸበት።

ከመሰላሉ ዘሎ ወረደ። መሰርሰሪያው ኤሌክትሪክ ላይ እንደተሰካ፣ ገመዱ እንደተዘረጋ ትቶት እግሬ አውጪኝ አለ።

"አንተ! ወዴት ነው? ካሜራው ተንጠልጥሎ!" አለች የቤቱ እመቤት ከመስኮት።

"ልጄ!" ብቻ ነው ያለው። ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ተፈተለከ።

መንገዱ እንደ ልቡ አልሄደለትም። መኪናው ተጣብቋል፤ ሞተሩን በመኪኖቹ መሀል እያሾለከ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ እየወጣ፣ የሰውን እርግማን እየጠገበ ነዳ። ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሶ ሰልፉን ቃኘ፤ የለችም። አስፋልቱን ተሻገረ። ይህ ቦታ በእነሱ ጊዜ አቧራ መንገድ ነበር፤ ኳስ ይጫወቱበት ነበር። ዛሬ መኪናው እንደ ጎርፍ ነው የሚወርደው። "ምን ነካኝ? እዚህ ላይ ነው ልጄን የለቀቅኩት?" አለ። ጎሚስታው ጋ ሊያቆም ሲል መሀል ሰፈር በአቋራጭ ገብታ ይሆናል ብሎ በውስጥ ለውስጡ ዞረ። የለችም። በዚያው ሱቁ ደረሰ።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው። ግማሹ የእሱ የገመድ ጥቅልልና የካሜራ ካርቶን፣ ግማሹ የእትዬ የስፌት መኪናና ብጥስጣሽ ጨርቅ። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ዙሪያውን ቃኘ፤ ሰው የለም። ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

"ሰርቪሱ አደረሳት?"

ንፋሱ እውነቱን ለመናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። "ከ... ከእትዬ ጋር ናት።"

"ምነው ታለከልካለህ?"

"መሰላል ላይ ነበርኩ።"

"አንተ ሰውዬ አንድ ቀን ተሰብረህ እኔው ጋ ትመጣታለህ" ብላ ዘጋችው።

ግንባሩን የሱቁ በር ላይ ደገፈ። ፖሊስ ጋ ልደውል? ምን ብዬ? ልጄን ራሴ ነኝ መንገድ ላይ የለቀቅኳት ልበል? ሞተሩ ላይ ሊመለስ ሲል፣ ከጥጉ ቦርሳ ብቅ አለ። ከቦርሳው ሥር ሚጣ።

"አባቢ! መጣሁ! ብቻዬን!"

ሮጦ አነሳት። ከነቦርሳዋ፣ ከነአቧራዋ አንስቶ አንገቷ ሥር ገባ። ሊያለቅስ ነበር፤ እንዳታይበት ብሎ በኃይል ሳማት።

"ኧረ ጺምህ! ለምንድነው የምትንቀጠቀጠው?"

"መሰርሰሪያ ይዤ ስለዋልኩ ነው። ምን አቆየሽ የኔ እናት?"

"አልቆየሁም" አለችና ዓይኗን ሰበረች። "ቀስ ብዬ ነው የመጣሁት። አንተስ ሥራ ትተህ መጣህ? በካሜራ አላየኸኝም አይደል?"

መልሱን ከአፉ ያስጣለችው እትዬ ናት። በዚያው ጥግ ብቅ አለች፤ ቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አውርዳ፣ ላብ በላብ ሆና። ንፋሱ ሻርፑን አየ። ከዚያ አካሄዷን አየ። ሰው ሲደነግጥ እናቱንም አይለይም፤ እሱም ከልጅነቱ የሚያውቀውን የእህቱን ማነከስ አልለየም ነበር።

"ደርሳችኋል?" አለች እትዬ ገና ከሩቅ። "እኔማ ክር አልቆብኝ ልገዛ ወጥቼ!"

እጇ ላይ ክር የለም። ሚጣ መሬት መሬት አየች። ንፋሱ በሩን ከፈተና ለልጁ ዳቦ ሰጥቶ ደጃፍ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። እህቱን ወደ ውስጥ አስገባ።

"እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሱቁን ዘግተሽ ልጄን እንደ ሌባ ትከተያለሽ? ልቤን ልታቆሚው ነበር እኮ!"

"አንተስ መከተሌን በምን አወቅክ?" አለች ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ። "መሰላል ላይ አልነበርክም?"

ንፋሱ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እትዬ ሳቀች፤ ጉልበቷን ይዛ፣ አየር እያጠራት ሳቀች።

"እኔ ግን ተገትሬ ቀረሁልህ" አለች። "ልጅቷ አስፋልቱን ከሰው ጋር ሹልክ ብላ ተሻገረች። እኔ መኪናው አላሳልፍ አለኝ። አንዴ እግሬን አወርዳለሁ፣ አንዴ እመልሳለሁ። አለቀልኝ፣ ልጅቷ አመለጠችኝ ስል፣ አንድ ቱታ የለበሰ ጎረምሳ፣ ከዚያ ማዶ ከጎሚስታው፣ መኪናውን በእጁ እያስቆመ መጣ። 'እናቴ፣ እጅዎን ያምጡ' አለኝ። ሳልጠራው እኮ ነው! አንተ ደግሞ ድሮ ድሮ እያልክ ታላዝናለህ። ጨዋ ሰው አላለቀም።"

"አታስቀይሺው ነገሩን። ብቻሽን ትመጫለሽ ብዬ ምዬላታለሁ። እኛን ማን ተከትሎን ያውቃል?"

እትዬ ሳቋን አቆመች። "ማንን?"

"እኔን! እኛን! ስናድግ!"

"ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ሲባል አልሰማህም?" አለች። "ያንተ ጅራት እኔ አልነበርኩ?"

ንፋሱ አልገባውም። እትዬም ዓይኗን ከእሱ ላይ አንስታ፣ መኪናዋ ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ እየደባበሰች ነገረችው። እናታቸው ሥራ ውላ ነው የምትገባው። ጠዋት ስትወጣ ለትልቋ ልጅ የምትላት አንድ ነገር ነው፤ ተከተዪው፣ ግን እንዳያይሽ፣ ካየሽ ይሸሻል።

"ጉድጓዱ ጋ ስትዋኙ፣ ከድንጋዩ ኋላ ነኝ። ዋና አልችል። ጫማህን አቅፌ አለቅሳለሁ።"

"ብሰምጥስ ምን ልታደርጊ ነበር?"

"እጮኻለኋ! ሌላ ምን አውቃለሁ? የአሥር ዓመት ልጅ እኮ ነኝ።"

"መኪና ላይ ስንጠለጠልስ?"

"እሮጣለሁ። አንተ ወርደህ ስትስቅ፣ እኔ ጥግ ይዤ አስመልሳለሁ።"

ንፋሱ ተነሳ። ተቀመጠ። እንደገና ተነሳ። ደሙ ፈላበት፤ በማን ላይ እንደተናደደ ግን አላወቀም። አንድ ሰው ቤቱ ገብቶ የዘረፈው ነው የመሰለው። "እና የእኔ ልጅነት ምኑ ነው የእኔ? ያን ሁሉ ዓመት የማወራው ውሸት ነው በይኛ!"

"ምን ውሸት አለው? የዋኘኸው አንተ ነህ። የተንጠለጠልከው አንተ ነህ። እኔ ምን ነካሁብህ?"

"ጎማው ውስጥ ስገባስ? እዚያም ነበርሽ?"

እትዬ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። "አንተ ሁልጊዜ አሸዋ አሸዋ ትላለህ። እኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እዚያ ታች የምን አሸዋ አለ? የውሃ መውረጃ ቦይ ነበር እኮ። በሲሚንቶ የተሠራ።"

"ታዲያ ጎማው ምን ላይ ቆመ?"

አልመለሰችለትም። ንፋሱ የምታሸውን ጉልበት አየ። ዕድሜ ልኩን ያየውን ጉልበት ነው፤ ከደረጃ ወድቃ ነው ሲባል አብሯት ያደገበትን፣ ሰርግ ላይ "እህቴ ጭፈራ አትወድም" እያለ የቀለደበትን።

"ከደረጃ ወድቄ ነው ብለሽ..."

"ምን ልበል? ለእማማ እውነቱን ብነግራት ሁለተኛ ከበር አታስወጣህም። አንተ ደግሞ አንድ ቀን ቤት ከዋልክ ቤቱን ታፈርሰዋለህ። አስቤ ነው ያደረግኩት።"

ንፋሱ አጠገቧ ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ድምፁ ከየት እንደወጣ እንጃ፣ "አንቺንስ?" አላት። "አንቺን ማን ይከተልሽ ነበር?"

"እኔን?" ጥያቄው አስገረማት። "እኔን ማን ይከተላል? ያ የምትለው 'ማንም አይጠብቀንም' እውነት ነው እኮ። የኔ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ደግሞ እንደምታወራው ደስ አይልም፤ ልንገርህ። ይጨንቃል።"

ይህን ብላ እንደ ቀላል ነገር መርፌዋን አነሳች። ንፋሱ ሊያቅፋት ፈለገና እጁ አልታዘዝ አለው። ከደጅ "አባቢ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ እፎይ ብሎ ወጣ።

ሚጣ በጣቷ ዝቅ በል አለችው። ጎንበስ ሲልላት አፏን ጆሮው ላይ ገጠመች፤ ትንፋሿ ዳቦ ዳቦ ይላል።

"እትዬ እየተከተለችኝ ነበር።"

"እ?"

"እስ! ቀስ በል። ፋርማሲው መስታወት ላይ አየኋት። መጀመሪያ አንተ የላክሃት መስሎኝ ተናደድኩ። ግን እግሯን አሟታል። ስለዚህ ቀስ አልኩላት። ከዚያ አስፋልቱ ላይ መሻገር አቃታት። እኔ ማዶ መኪና ኋላ ተደብቄ ጠበቅኳት፤ ጠበቅኳት፤ አልቻለችም። ጎሚስታው ጋ ላለው ሰውዬ 'ያቺን ሴትዮ አሻግርልኝ፤ እኔ እንደላክሁህ ግን እንዳትነግራት' አልኩት።"

"ለምን ተመልሰሽ እጇን አልያዝሽም?" አላት።

"ታፍራለቻ! ተደብቃ እኮ ነው የመጣችው።"

ልጁን አያት። ደረጃ ለመውረድ ፈቃድ የምትጠይቀውን ልጁን። ከዚህ በኋላ እሷን መዋሸት ነውር ሆነበት። "እኔም አይቼሻለሁ" አለ። "በካሜራ። እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ። መሐላዬን በላሁ።"

ሚጣ ፊቷን አኮሳተረች። "ታዲያ እትዬን ስታያት ለምን አልረዳሃትም?"

"ሌባ መስላኝ።"

"እትዬ? ሌባ?" ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ አፍና፣ አግዳሚው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ንፋሱም ሳቀ። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ሚስቱ ጋ ደወለ።

"ስሚ፣ ቅድም ዋሽቼሻለሁ። ሰርቪሱን እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ሚጣ በእግሯ ነው የመጣችው።"

ከኋላዋ የሆስፒታሉ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል።

"ብቻዋን?"

"እትዬ ከኋላዋ ነበረች። እኔ አላወቅኩም።"

"እትዬ? በዚያ ጉልበቷ? ያን አስፋልት ማን አሻገራት?"

"ሚጣ" አለ።

"ንገረኝ" አለች ሚስቱ፤ ነገራት። ስትሰማ ቆይታ አፍንጫዋን ስባ፣ "ለውሸትህ ማታ እንገናኛለን" አለችው። ከዚያ፣ "ነገ ሰርቪሱን ልጥራው ወይስ...?" ብላ ሳትጨርሰው ተወችው።

"እስኪ እትዬን ላማክራት" አለና ገባ።

እትዬ እግሯን ካርቶን ላይ ሰቅላ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ልታስገባ ትታገላለች። ጉልበቷ አብጧል። ሲገባ እግሯን ቶሎ አወረደችና፣ እንደማይገዳት ሰው፣ "ነገስ? በምን ልትመጣ ነው ልጅቷ?" አለችው።

ሊላት የሚገባው ይታወቃል። በቃሽ፣ ከእንግዲህ አረፍ በይ፣ አንቺም ያንቺን አድርገሻል ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። በበሩ ክፍተት ወደ ደጅ አየ። ሚጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች፤ በመሀል መሀል ዞር እያለች ውስጥ ያለችውን አክስቷን ታያለች።

"በእግሯ" አለ። "ካልከበደሽ አንቺው ተከተያትልኝ።"

እትዬ ፊቷ ፈካ። "ይከብደኛል እንዴ! ግን እንዳትነግራት።"

"አልነግራትም" አላት፤ መርፌውን ከእጇ ተቀብሎ ክሩን እያስገባላት። "ደግሞ ቀስ ብለሽ ሂጂ እትዬ፤ አታመልጥሽም።"